እናቴን ሂሪያ ተራራ ላይ ወስጃት መጣሁ፤ ቆሼስ እንዲህ ይሆን ይሆን?

የረሆቦቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ያዙ።

ባለፈው አርብ እናቴን ይዤ ሂሪያ ወጣሁ። እስራኤል ለማትኖሩ ልንገራችሁ። ከቴል አቪቭ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቤን ጉሪዮን አየር ማረፊያ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ኮረብታ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የአገራችንን አምባ ይመስላል። ግን ቆሻሻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1998 የቴል አቪቭና የአካባቢዋ ጥራጊ ሲደፋበት ኖሮ ቁመቱ 60 ሜትር ገደማ ደረሰ። ስሙ ድሮ እዚያ ከነበረ ኸይሪያ ከሚባል የአረብ መንደር የመጣ ነው። ነዋሪዎቹ በ1948ቱ ጦርነት ጊዜ ተፈናቀሉ፣ መንደሩ ጠፋ፣ ስሙ ለቆሻሻው ቀረ።

እናቴ በ1983 ዓ.ም በሰሎሞን ዘመቻ ነው የመጣችው። ቴል አቪቭ ቢሮ ስታጸዳ ብዙ ዓመት ሠርታለች። በዚያ መንገድ በአውቶቡስ ነበር የምትመላለሰው። «ማንም ምንም ሳይል ሰው ሁሉ እኩል መስኮት የሚዘጋበት ቦታ» ትለዋለች። ደክሟት እንቅልፍ ቢወስዳት እንኳ ሽታው ይቀሰቅሳት ነበር። የወፉ ብዛት ደግሞ ሌላ ነው። መንጋው ለሚያርፉትና ለሚነሱት አውሮፕላኖች አደጋ እስከመሆን ደርሶ ነበር፤ ቦታው እንዲዘጋ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

አሁን አናቱ ላይ ዳስ ተሠርቷል። ኩሬ አለ። ከተማው በሙሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፔተር ላትስ የሚባል ጀርመናዊ የመልክዓ ምድር ባለሙያ ነው የነደፈው። ዙሪያው በሙሉ አሪኤል ሻሮን ፓርክ ተብሏል። ከተራራው ግርጌ ቆሻሻ የሚለይበትና ወደ ሌላ ቦታ የሚተላለፍበት ጣቢያ ዛሬም ይሠራል፤ ስለዚህ ንፋሱ ሲዞር ያቺ የድሮዋ ሽታ ብቅ ትላለች።

እናቴ ከዳሱ ሥር አረፍ አለች። ትንሽ ቆየችና ጎንበስ ብላ አፈሩን ቆንጠር አደረገች። በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ አሸተተችው። ጎንደር ያደገ ሰው አፈር ሲያይ አያስችለውም መቼም። «ይሄማ ጥሩ አፈር ነው፣ ጎመን ይወጣዋል» አለች። ተረጎምኩለት ለአስጎብኚው። ልጁ ሳቀ። «ሳፍታ (አያቴ ማለቱ ነው)፣ አፈሩ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ከሥሩ ውሃ እንዳያልፍ የተነጠፈ ነገር አለ። ከዚያ በታች ያለው ገና እየፈላ ነው» አላት። ጋዙ በቱቦ ተስቦ በአካባቢው ላለ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ እንደሚሄድም ነገረን።

እናቴ ዝም አለች። ስንወርድ ግን «ቁስሉን ሳያሽሩ ነጠላ አለበሱት በለኛ» አለች። ቀጥላ «ቆሼስ?» ብላ ጠየቀችኝ፣ የአዲስ አበባውን የቆሻሻ ክምር ማለቷ ነው። ያኔ ክምሩ ሰው ላይ ሲናድ በቴሌቪዥን አይታ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም ነበር።

መልስ አልነበረኝም። እናንተ ዘንድ ይዤው መጣሁ። ቆሼ አንድ ቀን ጸድቶ ለሰው ቢመለስ ምን ይሁን?

የዘነበወርቅ ልጅ፦
እህቴ፣ እናትሽን ሳሚልኝ።

እኔ እዚያው ነው ያደግኩት። ልጅ ሆኜ ሰፈርህ የት ነው ሲሉኝ «አለርት ጋ» ነበር የምለው። አስቡት፣ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ጎረቤት መሆን ከቆሼ ልጅነት ይሻል ነበር። ሽታው ዩኒፎርም ላይ ያድራል። ታጥቦ ሲሰጣ ደግሞ እንደገና ይይዛል።

ቆሼ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ከከተማ ውጪ ነበር አሉ። ከተማው ነው ተንፏቆ መጥቶ የከበበው። 36 ሄክታር ገደማ ነው። ዛሬ ቀለበት መንገዱ ላይ ቆማችሁ የምታዩት እሱን ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ቅዳሜ ነበር። እኛ ቤት እራት እየቀረበ ነበር። መጀመሪያ የሰማነው ገልባጭ መኪና ጭነቱን ሲደፋ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው። ለጆሯችን አዲስ አይደለም፣ ማንም ቀና አላለም። ከዚያ ግን ድምፁ አላቋርጥ አለ። እናቴ ሰፌዱን እንደያዘች «ምንድነው ይሄ መኪና የማያልቅበት?» አለች።

ለካ ክምሩ ተንዶ ነው። ከ110 ሰው በላይ ሞተ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ከኛ እድር ስንት ድንኳን በአንድ ሳምንት እንደወጣ አልነግራችሁም።

ምን ይሁን ላልሽው፣ የኔ ቀላል ነው። የልጆች ኳስ ሜዳ ይሁን። በነፃ። መግቢያ የሚከፈልበት ፏፏቴና መብራት አልፈልግም። ጥግ ላይ ደግሞ ሄደን የምንቀመጥበት፣ ስማቸው የተጻፈበት ቦታ ይኑር።

ቢዝነስ ማይንድ፦
ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው። ግን እውነት እንነጋገር ከተባለ 36 ሄክታር ቀለበት መንገድ ዳር ፓርክ ማድረግ ቅንጦት ነው። የመሬት ዋጋ የት እንደደረሰ እያያችሁ? ቆሻሻውን ጠርጎ አውጥቶ ኮንዶሚኒየም መሥራት ነው። ቤት ያጣ ስንት ሕዝብ አለ።

ግርድፍ መሐንዲስ፦
@ቢዝነስ ማይንድ፣ ወንድሜ ጠርጎ የት ይወስደዋል? ይህችን መልስልኝና ኮንዶሚኒየሙን እኔ እሠራልሃለሁ።

ሰንዳፋን አስታውስ። በ2008 ዓ.ም አዲስ ማስወገጃ ተከፈተ። ቆሼ ሊያርፍ ነው ተባለ። የአካባቢው ገበሬዎች ውሃችንንና ከብቶቻችንን በከለብን ብለው ተቃወሙ። በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋና መኪናው ሁሉ ተመልሶ ቆሼ መጣ። በዓመቱ የሆነውን ታውቃለህ። ያ ሁሉ የአንድ ከተማ የዕለት ቆሻሻ ነው እንግዲህ። አንተ የምትለው የሃምሳና የስልሳ ዓመቱን ነው።

አሁን ከሥሩ ምን እንዳለ ላስረዳ፣ ሥራዬ ስለሆነ። ቆሻሻ ተደፍቶ ሌላ ሲከመርበት አየር ያጣል። አየር ሲያጣ የሚያብላሉት ተሕዋስያን ሚቴን ያወጣሉ። በእንጀራ አስቡት። ሊጥ ተከድኖ ሲቀመጥ ይነፋል አይደል? ልዩነቱ የዚህኛው ኩፍ ማለት ለሠላሳና ለአርባ ዓመት መቀጠሉ ነው፣ አረፋው ደግሞ ክብሪት ይፈልጋል። ሚቴን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከ5 እስከ 15 በመቶ ከደረሰ በትንሽ ፍንጣሪ ይፈነዳል።

ሁለተኛው ጭማቂው ነው። ዝናብ በክምሩ ውስጥ ሲያልፍ ያገኘውን ሁሉ አጥቦ ይወርዳል። ብረት፣ የባትሪ አሲድ፣ የመድኃኒት ትርፍራፊ። ከታች ካልተያዘ ወንዝ ይገባል። ሦስተኛው መስመጥ ነው። እየበሰበሰ ሲሄድ መሬቱ ይሰምጣል፣ ያውም እኩል አይደለም። እዚህ አንድ ክንድ፣ እዚያ አንድ ቁመት። አምስት ፎቅ አቁምበትና በሁለተኛው ክረምት በሩ አልዘጋ ይልሃል።

«በሸክላ አፈር እንሸፍነዋ» የሚልም አይጠፋም። እንግሊዝ አገር ሎስኮ በሚባል መንደር የሆነውን ልንገራችሁ። ቆሻሻ መጣያው እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋ፣ በሸክላ አፈር ተደፈነ። ጋዙ ወደ ላይ መውጫ ሲያጣ በመሬት ውስጥ ወደ ጎን ሄደ። በ1986 አንድ ማለዳ የአየር ግፊቱ ሲወርድ ከአጠገቡ ባለ ቤት ሥር ገባና ቤቱን አፈነዳው። ሦስት ሰው ተጎዳ። ቤቱ እኮ መጣያው ላይ አልተሠራም። አጠገቡ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁልቁለቱን ማደላደል፣ ከዚያ ጋዙን በቱቦ ማስተንፈስ፣ ጭማቂውን መያዝ፣ ከዚያ ነው ማልበሱ። እናታችን «ነጠላ አለበሱት» ያሉት እውነት ነው። ነጠላውም ግን ወግ አለው።

ቆሼ ላይ ምንም አልተሠራም ማለት አይደለም። ከአደጋው በኋላ በጃፓን ድጋፍ፣ በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራምና በፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲ በኩል የፉኩኦካ ዘዴ የሚባለውን ሞክረዋል። ከግርጌ ቀዳዳ ያላቸው ትላልቅ ቱቦዎች ታስገባለህ። ጭማቂው በዚያ ይወጣል፣ አየር ደግሞ በዚያው ይገባል። አየር ሲያገኝ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ሚቴኑም ይቀንሳል። ርካሽ ነው፣ ይገባናል።

ዲሲ በታክሲ፦
መሐንዲሱ እንዳለው ነው፣ ከኔ ሰፈር ልጨምር። ዋሽንግተን ኬኒልወርዝ የሚባል ፓርክ አለ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር። የውሃ አበቦቹን ለማየት የሚሄድ ቱሪስት ስለምንጭን ብዙዎቻችን በር ላይ ቆመን እናውቃለን። ከጎኑ ያለው ሜዳ ድሮ የከተማው ቆሻሻ ማቃጠያ ነበር። በግላጭ ነበር የሚያቃጥሉት። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ስለሆነ ማን ይሰማል? በየካቲት 1968 እ.ኤ.አ. አንድ የ7 ዓመት ልጅ እሳቱ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ማቃጠሉ የቀረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ አፈር ለበሰ፣ ሣር በቀለ፣ ኳስ ሜዳ ተባለ። ተጨበጨበ። ከአርባ ዓመት በኋላ ግን ገና አፈሩን ቆፍረው ይመረምሩ ነበር። ለምን? ሲሸፍኑት ተቻኩለው ስለነበረ ነዋ። ታክሲ ውስጥ አንድ የሰፈሩ አዛውንት «የሰጡን ነገር ሁሉ ተበልቶበት የቀረ ሳህን ነው» ብለውኛል። ቃሉ አልወጣ ብሎኝ ነው እንጂ በእንግሊዝኛው ከዚህም ይመራል።

የዘነበወርቅ ልጅ፣ ኳስ ሜዳህን እደግፋለሁ። ግን ሳይመረመር ልጅህን አታንከባልልበት።

ብሮንክስ ሀበሻ፦
ስለ ፍሬሽ ኪልስ ማንም አላነሳም እንዴ? ኒው ዮርክ፣ ስታተን አይላንድ ያለው ቆሻሻ መጣያ። እ.ኤ.አ. በ1948 «ለጥቂት ዓመት ብቻ» ተብሎ ተከፈተ። (ጊዜያዊ ነው ሲባል መጠርጠር አሜሪካም ይሠራል።) እስከ መጋቢት 2001 ቆየ። 890 ሄክታር ነው፣ የቆሼን ከሃያ እጥፍ በላይ ይሆናል። አራት ተራራ ሆኗል።

አሁን ሣር የለበሰ ሜዳ ነው። አዕዋፍ ተመልሰዋል። ሸምበቆውን እንዲበሉ አንድ ጊዜ ፍየል ሁሉ አሰማርተውበት ነበር፣ ስሰማ አገሬ ትዝ አለኝ። ጋዙ ተጣርቶ የሰው ቤት ያሞቃል። ግን ልብ በሉ፣ ከተዘጋ በኋላ ዋናው ፓርክ የመጀመሪያ ቁራሹን ለሕዝብ የከፈተው በጥቅምት 2023 ነው። 22 ዓመት! እሱም 8 ሄክታር ተኩል ብቻ። ገንዘብ እንደ ውሃ ባለበት ከተማ።

ልጽፍ የመጣሁት ግን ለሌላ ነገር ነው። የመንትያ ሕንፃዎቹ ፍርስራሽ ከመስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ጥቃት በኋላ የተወሰደው እዚያ ነው። ተዘግቶ የነበረው እንደገና ተከፈተ። በወንፊት ተነፍቶ የሰው አካል ተፈለገ። የተነፋው እዚያው ቀረ። የሟቾች ቤተሰቦች «ልጆቻችን ቆሻሻ ላይ አይቀሩም፣ አንሡልን» ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ተረቱ። ስለዚህ ጥግ ላይ ስማቸው የተጻፈበት ቦታ ያልከው ነገር፣ ወንድሜ የዘነበወርቅ ልጅ፣ መጨረሻ ላይ የሚታከል ጌጥ እንዳይሆን። መጀመሪያ ላይ ካልተጻፈ አይጻፍም።

የዘነበወርቅ ልጅ፦
እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። ለእናቴም አነበብኩላት።

ቢዝነስ ማይንድ፦
እሺ ኮንዶሚኒየሙ ይቅር፣ ተሸንፌያለሁ። የሶላር ማመንጫስ? መሠረት አይቆፍርም።

ግርድፍ መሐንዲስ፦
አሁን ገና ወደ መስመር ገባህ። ሌሎች አገሮች አድርገውታል። ከላይ በሲሚንቶ ብሎክ ብቻ ይቀመጣል፣ ሽፋኑን አይበሳም። መስመጡ ከቀነሰ በኋላ ከሆነ እስማማለሁ።

ሜንጦ፦
ሰላም። ብዙ አልጽፍም፣ ስልኬ ያስቸግራል።

እኔ ቆሼ ላይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ስሜም ከዚያ ነው፣ ሜንጦ ማለት የምንጭርበት ጫፉ ቆልመም ያለ ብረት ነው። ሁላችሁም ስለ ጋዝና ስለ ሣር ታወራላችሁ። ጥሩ ነው። ከዚያ ክምር እንጀራውን ይበላ ስለነበረው ሰው ግን እስካሁን አንድም አላነሳችሁም።

መኪናው ሲገለብጥ ሀይላንዱን አንዱ ይለቅማል፣ ቆርቆሮውን አንዱ፣ አጥንቱን አንዱ። ሁሉም የየራሱ አለው፣ የሌላውን አይነካም። ማዳበሪያ ሙሉ ሲሆን ተሸክመህ ትወርዳለህ፣ ተመዝኖ ይሸጣል። ከዚያ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እናንተ መርካቶ የምትገዙት ጀሪካን ክዳን ምናልባት እኔ ያወጣሁት ነው። ልጅ አስተምሬበታለሁ። ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጨው ፋብሪካ በነሐሴ 2010 ሲመረቅ ሰው ሁሉ መብራት ሊመጣ ነው ብሎ ደስ አለው። እኛ ግን ተያየን። የሚቃጠለው ፕላስቲክ እኮ የኛ ነው።

አጥር ሲታጠር መጀመሪያ የሚወጣው ለቃሚው ነው። ፓርክ ሲሆን ደግሞ «ለብሰህ ና» ይሉኛል።

ሴኡል 2ኛ ዓመት፦
ጋሽ ሜንጦ ትክክል ነዎት። እኔ ኮሪያ ነው የምማረው። እዚህ ናንጂዶ የሚባል ቆሻሻ መጣያ ነበር፣ 92 ሚሊዮን ቶን። ሰዎች ላዩ ላይ ጎጆ ቀልሰው ለቅመው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ተዘጋ፣ በ2002 ለዓለም ዋንጫው ፓርክ ሆነ። ሃኑል ፓርክ ይሉታል፣ ሰማይ ማለት ነው። 291 ደረጃ ወጥተህ ነጭ ሣር በሣር የሆነ ሜዳ። በጥቅምት ሰው ፎቶ ለመነሣት ይጋፋል። እኔም ተነሥቻለሁ። እዚያ ስለኖሩት ሰዎች ያወቅኩት ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፣ ያውም አስተማሪዬ ነግሮኝ።

ቢዝነስ ማይንድ፦
ጋሽ ሜንጦ ይቅርታ፣ ግን ሥራው ራሱ ለጤና ጠንቅ ነው እኮ። ከዚያ መውጣት ጥቅም አይደለም?

ሜንጦ፦
ልጄ፣ ጠንቅ መሆኑን ለኔ ትነግረኛለህ? እግሬ ላይ ሦስት ቦታ መስታወት ገብቶ ወጥቷል። መውጣቱን አልጠላም። ወዴት እንደምወጣ ንገረኝ ነው የምለው።

አወያይ፦
ጥሩ ውይይት ነው፣ እንዲሁ ይቀጥል። ፖለቲካ የጀመሩ ሁለት አስተያየቶችን አንሥቻለሁ።

ግርድፍ መሐንዲስ፦
ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔም ነው። ያን ሁሉ ስጽፍ ስለ እናንተ አንድ መስመር አላስገባሁም።

ከሙያዬ በኩል አንድ ነገር ልበል። የተዘጋ ክምር ዘበኛ ብቻ አይበቃውም። ለአሥርት ዓመታት በየቀኑ የሚዞረው ሰው ይፈልጋል። ስንጥቅ ካለ ወዲያው መድፈን፣ ውሃ የቋጠረበትን ማፍሰስ፣ ቱቦው መደፈኑን ማየት፣ ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ዛፍ ከበቀለ መንቀል። ይሄ ደመወዝ ያለው ቋሚ ሥራ ነው። ብዙ ቦታ ግን የሪባን ቆረጣው ቀን በጀት ይኖርና የዓመቱ ላይ ይጠፋል። እኔ የሠራሁበት አንድ ትንሽ ከተማ፣ ስሙን ተዉት፣ የጋዝ ማስተንፈሻ ቱቦዎቹን በሦስት ወር ውስጥ ሰው ነቅሎ ለውሃ መስመር ወሰዳቸው። ማንም ሳያይ። አሳፋሪው ደግሞ ዲዛይኑ የኔ መሆኑ ነው፣ ጠባቂ የሚለውን መስመር ወጪ ለመቀነስ ብዬ ራሴ ነበርኩ የሰረዝኩት።

ያንን ሥራ ለማን ነው የምትሰጠው ብትሉኝ፣ መሬቱን ለሚያውቀው።

ሜንጦ፦
እሱማ እናውቀዋለን። ከላይ ስንሄድ በጫማ ሥር ይታወቃል። አንዳንዱ ቦታ ስትረግጠው እንደ ፍራሽ ነው። አንዳንዱ ጋ ደግሞ በጠዋት ጭስ ሳይሆን እንደ እንፋሎት ያለ ይወጣል። እዚያ ጋ እሳት አንጭርም ነበር፣ ማንም ሳይነግረን። ውሾቹ ደግሞ ከኛ ይበልጣሉ። በብርድ ጊዜ መሬቱ ሞቅ የሚልበትን መርጠው ነው የሚተኙት። አንዱ ቦታ ላይ ከርመው በድንገት ከለቀቁት፣ እኛም እንለቃለን።

የረሆቦቷ፦
ይሄን ለእናቴ ነገርኳት። «ያንን ሰውዬ አስጎብኚ ያድርጉት» አለች።

ግርድፍ መሐንዲስ፦
ጋሼ ስለ ውሾቹ ያሉትን በየትኛውም ሪፖርት ላይ አላነበብኩትም። ሙቀት መለኪያ ይዘን የምንዞረው እኮ ይህንኑ ፍለጋ ነው። የት የት ነበር የሚተኙት?

ሜንጦ፦
በአየር ጤና በኩል ሁለት ቦታ፣ በቀለበት መንገዱ በኩል አንድ። በጽሑፍ አይገባህም። እኔ ከገባሁ ቆየሁ፣ ግን ቅዳሜ በጠዋት ና፣ ዘበኛው ካስገባን አሳይሃለሁ። ቦት ጫማ አድርግ።

ግርድፍ መሐንዲስ፦
ቅዳሜ 12 ተኩል ላይ በሩ ጋ ነኝ።